አራት ቀሰም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ዓይናችንን አሰረችን። እትዬ የሺወርቅ ይሄን ነገር ስትወደው! በጥቁር ሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስርና ጨርቁን መዳፍ ላይ ታስቀምጣለች። «ተናገሪ!» ነጋዴ ዓይናችሁን ነው የሚያታልለው፣ እጃችሁን አሠልጥኑ ነው የምትለን። ልብስ ዲዛይን ልንማር መጥተን እንደ ዕውር ስንዳብስ እንውላለን።

ከአሥራ ሁለት አሥራ አንዱን አወቅኩ። ፖፕሊን፣ ክሬፕ፣ ሊነን፣ ከፋይ... የሳትኩት ቪስኮሱን ብቻ ነው። ሐር አልኩት። ሐር የት አውቄ! ጂቱ ሰባት አገኘች። ሱፉን ብርድ ልብስ አለችው። ብርድ ልብስ! እትዬ የሺ በማስመሪያው እጇን አቀመሰቻት። «ይሄ እጅ ነው ወይስ አካፋ?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ምስኪን፣ ከተፍኪ ድረስ በጠዋት ሚኒባስ ተጋፍታ ሰበታ የምትመጣው ለዚህ ነው።

«አንቺስ ይሄን እጅ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ እትዬ የሺ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች አልኩ። አክስት የለኝም። ምን ልበላት ታዲያ? ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ለአባቴ ክር ሳጠነጥን ነው ያደግኩት ልበላት? የሸማኔ ልጅ ነኝ ልበል?

ሞቼ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ስለ ክር ጥምዝ ተማርን። በቀኝ እጇ የምትፈትል ሴት ክሩን ወደ አንድ ወገን ትጠመዝዘዋለች፣ ግራኝ ከሆነች በተቃራኒው ይሄዳል አለች እትዬ የሺ። ማንም አላመናትም። እኔ ግን አውቃለሁ። እማዬ ግራኝ ነበረች። የእሷ ፈትል ከሌላ ጋር ሲቀላቀልበት አባዬ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት ያደርገውና «ይሄ የናትሽ ነው፣ በተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው» እያለ ይስቅ ነበር። ከሞተች አምስት ዓመት ሊሆናት ነው።

ዋናው ወሬ ግን ይሄ አይደለም። እትዬ የሺ ሱሉልታ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ነው! ቆራጭ የምትሆን አንዲት ልጅ ከእኛ ውስጥ ትወስዳለች። «አንዷን ነው። የሚያለቅስ ካለ ውጪ ወጥቶ ያልቅስ።» ከኔና ከጂቱ አንዳችን እንደሆንን ሁሉም ያውቃል። ከሱቁ ጀርባ መኝታ ክፍል አለው። በር ያለው ክፍል! እኔ ፉሪ የምተኛው መጋረጃ ጀርባ ነው። ባለ አንድ ክፍል ቤታችንን የአባዬ የሽመና ጉድጓድ እኩሌታውን በልቶታል፤ ከአልጋዬ ሁለት እርምጃ ነው። ቀኑን ሙሉ ጧ... ጧ... ፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ እየለቀምኩ ነው ከቤት የምወጣው።

ያንን ቦታ ካላገኘሁ እዚያው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው የማረጀው። አገኘዋለሁ። ማንንም ረግጬ።

ስመዘገብ አባቴ ጅማ መንገድ ሲኖትራክ ይነዳል ብያለሁ። ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሲኖትራክ ነጂ! አንዳንዴ ራሴን ያስቀኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ለአባዬ ሥራ የሚያመጣለት ኦቦ ገርባ የሰርግ ሸማ አምጥቶለታል። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ገለቴ ይባላሉ፣ የሰበታ ሰው። ፈትሉን ሁለት ዓመት በገዛ እጃቸው ነው የፈተሉት። ለአንድ ሴት ልጃቸው። ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የላኩት፣ እንደ ሕፃን። አባዬ እያንዳንዷን ጉንጩ ላይ አስነካት። «ፀዲዬ፣ የእናት ፈትል ነው። ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብዬ! ነገ ፈተና አለብኝ። ከቸርች እንደተመለስን ጀምሮ ተቀምጫለሁ። ፈትሉን በቀሰም ላይ ማጠንጠን የኔ ሥራ ነው። ቀሰሟ መወርወሪያ ውስጥ ትገባለች፣ አባዬ እየወረወረ ይሸምናል። የእጅ ፈትል ደግሞ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፣ ክንድ ሳይሄድ ብጥስ። እቀጥላለሁ፣ ብጥስ። አንዲት ቀሰም ለመሙላት ግማሽ ሰዓት!

አጠገቤ የፋብሪካው ክር ጥቅል አለ። አባዬ የርካሽ ነጠላ የሚሠራበት ፖሊስተር። እሱም ነጭ ነው። ሲያጠነጥኑት ዝርርር ብሎ ይሄዳል።

አባዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቢቀመጥስ ምን ያያል?

በፋብሪካው ክር ሞላሁት። አንድ... ሁለት... አራት ቀሰም። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከእናትየው ፈትል የተረፈውን አንድ ልቃቂት በፌስታል ቋጥሬ አልጋዬ ሥር ወረወርኩት። ሌላ ቀን ቀላቅዬ እጨርሰዋለሁ። ከዚህ ሁሉ ክንድ ሸማ ውስጥ ስንዝር ተኩል ብትሆን ነው። ማን ያውቃል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ፈተናውን ደፈንኩት። ጂቱ ከኋላዬ ናት፣ ግን ተጠግታኛለች። የምታበሳጭ ልጅ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ጠዋት ጧጧታው በድንገት ቆመ። ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር። አባዬ መወርወሪያውን በእጁ ይዞ ቀሰሟን ይዳብሳል።

«ፀዲዬ... ይሄ ማግ ለስልሷል።»

ክው አልኩ። «መጨረሻ ላይ የፈተሉት ነው መሰለኝ፣ እጃቸው ተፍታቶ ነዋ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ክሩን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው። «እሺ» አለ። ከዚያ ጧ... ጧ... ቀጠለ።

ኡፍፍ። ተገላገልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጨርቅ ስናቃጥል ዋልን። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሁለት ሦስት ክር መዝዘን፣ በወረንጦ ይዘን፣ ክብሪት። ጥጥ ወረቀት ሲቃጠል ይሸታል፣ አመዱ ብን ብሎ ይጠፋል። ሱፍ ፀጉር ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር አመድ የለውም፣ ይቀልጥና ይኮማተራል፣ ሲበርድ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። በጥፍር ብትጫነው አይፈርስም።

እትዬ የሺ አንዷን ዶቃ መዳፌ ላይ አኖረቻት። «የዋሸ ጨርቅ መጨረሻው ይሄ ነው።»

ፖሊስተር ውኃ ሲነካው እንደ ጥጥ እንደማያጥርም ነገረችን። ሁለቱ አንድ ሸማ ላይ ከተቀላቀሉ፣ ሲታጠብ ጥጡ ያጥራል፣ ያኛው እንዳለ ይቀራል፣ ጨርቁ እንደ ሽማግሌ ግንባር ይጨማደዳል። ያንን ሳታይ ሰፍታ ሙሽራ ያለበሰች ልጅ አውቃለሁ አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሸማው ግን አልቆ ከቤት ከወጣ ሰነበተ። ገርባ ለየትኛው ልብስ ሰፊ እንደሚወስደው ማን ያውቃል? ሰበታ ውስጥ ስንት ሰፊ አለ...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከስንቱ ሰፊ እኛ ጋ!

ገብቼ ስቀመጥ ሸማው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጠርዙን አይቼ ነው ያወቅኩት። አባዬ የመጨረሻዎቹን ሦስት ክሮች ደርቦ ነው የሚሠራው፣ ሌላ ሸማኔ እንደዚያ አያደርግም። አጠገቡ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ገለቴ። ትንሽ ሴትዮ ናቸው፣ ጣታቸው ግን ረጅም።

እትዬ የሺ ጂቱንና እኔን ጠራችን። «ይሄን ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት አንድ ቆራጭ ምን ታደርጋለች? ዛሬ ይለይላችሁ። በደንብ የመለሰችው ሱሉልታ ትሄዳለች።»

ጂቱ ቀደመች። ዳበሰችው፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣ አሸተተችው። «መጀመሪያ መዘፍዘፍ አለበት» አለች። «ሸማኔው ድሩን በዱቄት ሙቅ ነው የሚያጠነክረው። ሙቁ ሳይወጣና ጨርቁ ሳያጥር ከተቆረጠ፣ ቀሚሱ አንዴ ሲታጠብ ሙሽራዋ ላይ አይገባም።»

ልክ ናት። አንድ ቃል የሚጨመርበት የለም። እትዬ የሺ ፈገግ አለች፣ እሷ! «አካፋውም ለካ ይማራል!»

ያ በር ያለው ክፍል ዓይኔ እያየ ሲዘጋ...

ደግሞስ ይዘፈዝፉታል። ሲደርቅ ይጨማደዳል። እኔ ባልናገር ውኃው ይናገራል። ያኔ ጂቱ ሱሉልታ፣ አባዬም መዋረዱ አይቀር። ስለዚህ ምን ጨመርኩበት? ምንም። ሙሽራዋንም አተረፍኳት እንጂ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት። አስቤያለሁ ወይስ አሁን ስጽፍ ነው የማስበው? እንጃ።

«እትዬ፣ ከመዘፍዘፉ በፊት...» አልኩ። «ድሩ ጥጥ ነው። ማጉ ግን ሁሉም ጥጥ አይደለም።» ጣቴን ዘረጋሁ። «ከዚህ... እስከዚህ።»

እትዬ የሺ ክር መዘዘች። ክብሪት ጫረች። ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጠብ። ጥቁር ዶቃ። ከላይ መዘዘች፣ አመድ። ከታች መዘዘች፣ አመድ። ከመሃል፣ ዶቃ።

ወይዘሮ ገለቴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ከወንበሩ ወርደው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ማሎ... ማሎ! ሁለት ዓመት እኮ ነው! ክረምት ከበጋ፣ በዚህ እጄ!» እጃቸውን አንስተው አሳዩን። ማንን ነው የሚያሳዩት? «ሸማኔው ሰርቆኛል! የልጄን ልብስ ሰርቆ ላስቲክ ሰጠኝ!»

«ሸማኔ ሆኖ ፈትል የማይሰርቅ እስከዛሬ አላየሁም» አለች እትዬ የሺ።

«እውነትዎን ነው» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

ስንወጣ ጂቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ልትል መስሎኝ ነበር። «ፀዲ... ሳትነኪው እኮ ነው ያሳየሽው» አለች ቀስ ብላ።

«ቅናት ዓይንሽን ጋርዶሽ ነው» አልኳት። ፊቷ ቅላት ለበሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሱሉልታ የኔ ናት። የኔ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አባዬ ዛሬ ሲዘምር ዋለ። ገርባ ሸማውን ሲወስድ «ካንተ እጅ የወጣ ያስታውቃል» ብሎት ነበር፣ እሱን እያስታወሰ ነው። ምንም አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

መጡ። ኦቦ ገርባ፣ ወይዘሮ ገለቴ፣ ሁለት ሽማግሌዎች። ድምፃቸውን ከደጅ ስሰማ መጋረጃው ጀርባ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ገለቴ ሱቁ ውስጥ አይተውኛል፣ እዚህ ቢያዩኝ አለቀልኝ።

«አካም ጅርታ» ብሎ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ገርባ የተቃጠለውን ቁራጭ ወረወረለት። አባዬ ሲዳብሰው በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ዶቃዋን በአውራ ጣቱ አገኛት። እዚያው ላይ ጣቱ ቆየ።

«ፈትሌን የት አደረስከው?» አሉ ወይዘሮ ገለቴ። «ሽጠኸው ነው? ለማን ሸጥከው? አንተስ ልጅ የለህም?»

«እኔ ፈትል ሰርቄ አላውቅም እናቴ።»

«ታዲያ ክሩ በእግሩ ሄዶ ነው የተቀየረው?» አለ ገርባ። «ማግ የሚያጠነጥንልህ ማነው? ልጅቷ አይደለችም? ጥራት!»

እግሬን ሰበሰብኩ። ተረከዜ አልጋው ሥር ያለውን ፌስታል ነካው። ኮሽ አለ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ኮሽታው ለኔ እንደ ቆርቆሮ ነው የተሰማኝ።

አባዬ ሳለ። ደጋግሞ፣ እስኪታፈን ድረስ። ጉንፋን የለበትም እኮ።

«ልጄ የለችም» አለ ሳሉን ሲጨርስ። «እሷ ተማሪ ናት፣ ክር ነክታም አታውቅ። የማጠነጥነው ራሴ ነኝ። ዓይኔ ነው... ዓይኔ አሳስቶኝ ይሆናል።»

አባዬ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም። በአንድ ትንፋሽ ስንት ዋሸ?

«ዓይን ይሄን ያህል መርጦ አያሳስትም!» አለ አንዱ ሽማግሌ። የተረፈው ፈትል የት እንደገባ ይናገር አሉት፣ አላውቅም አለ። አንገቱን ደፍቶ እንደ ልጅ ተሰደበ። በመጨረሻ ፈረዱበት። ሰርጉ ጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ የእጅ ፈትል ከየትም አምጥቶ፣ ሌላ ሸማ ሠርቶ እንዲያስረክብ።

ሲሄዱ መጋረጃውን ገለጥኩ። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ተቀምጧል።

«ቆሎ አለልሽ፣ ብዪ» አለኝ።

ይሄው ነው። ሌላ ምንም። ለምን አይጠይቀኝም? ቢጠይቀኝ እኮ ክጄ እገላገል ነበር!

እሑድ፣ ኅዳር 21

ወሬው ቸርች ደረሰ። ነገሩ እስኪጣራ ከአገልግሎት ይቆይ ተባለ። ሃያ ዓመት በየእሑዱ ማልዶ በር የሚከፍተው፣ አግዳሚ የሚደረድረው እሱ ነበር። ዛሬ ሌላ ሰው ከፈተ። አባዬ ግድግዳውን እየዳበሰ ገብቶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሴቶች ተነስተው ወደፊት ሄዱ።

እኔም ፊት ነው የተቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ፈትል አግኝቷል። ድሩን አስገብቶ ጀምሯል። ሰው ሁሉ ፊቱን ስላዞረበት ድሩን ሲዘረጋ እንኳ የያዘለት የለም፣ ከደጃፉ እስከ አጥሩ ብቻውን ሲመላለስ ነበር።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ቀሰሙን ልሙላልህ» አልኩት።

«ተይ። ራሴ አጠነጥናለሁ።»

አልተቆጣም። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ክሩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ ሲበጠስ በምላሱ አርጥቦ እየቀጠለ፣ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቀሰም ሞላ። እኔ በሃያ ደቂቃ አራት የምሞላው ሴትዮ! ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ መተያየቱ ሰለቸኝና ወጣሁ። መተያየት አልኩ? እሱ የት ያየኛል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

አዲሱ ሸማ ሱቅ ደረሰ። እትዬ የሺ ከዳር እስከ ዳር ክር እየመዘዘች አቃጠለች። አመድ፣ አመድ፣ አመድ። «ፈርቶ ነው የሠራው፤ ሰው ሲፈራ ያምርበታል» አለች። ተዘፍዝፎ፣ ደርቆ፣ ዛሬ ለኔ ተሰጠ። ልቆርጠው።

ከመቁረጤ በፊት ልማድ ሆኖብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ክር መዝዤ በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት። ይጠብቃል ስል ላላ። ሌላ መዘዝኩ፣ እሱም ላላ።

በተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው።

ሰበታን ሁሉ ብትዞር እንደዚህ የሚሄድ ፈትል አንድ ቦታ ብቻ ነበር ያለው። በእማዬ ሳጥን ውስጥ። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ፈትላ ጨርሳ ያስቀመጠችው። «ይሄ ለፀዲ ነው፣ ስትዳር» ብላ። አባዬ ቤት ስንለቅ፣ ሲቸግረን፣ ስንራብ እንኳ ያልነካው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? መቀሱን አታነሺም?» አለችኝ እትዬ የሺ።

«በርዶኝ ነው።»

መቀሱን ይዤ ገባሁበት። ወገቡን ጠበብ፣ ታችውን ሰፋ አድርጌ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳላባክን ቆረጥኩት። እንዲህ ቆርጬ አላውቅም። እማዬን።

እሑድ፣ ጥር 17

ሰርግ ተጠራን። ቀሚሱ... ምን ልበል። ሙሽሮቹ አዳራሹ ሲገቡ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ወይዘሮ ገለቴ ሕዝብ መሃል እጆቼን አገላብጠው ሳሙኝ። «እነዚህ እጆች ባይኖሩ ያ ሌባ አዋርዶኝ ነበር» አሉ። ፎቶ አንሺው እየሳሙኝ ሳለ አነሳን።

እማዬ በሰው ልጅ ገላ ላይ ስትጨፍር ዋለች። ቢሆንም ጨፈርኩ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሰርግ ነው!

ጂቱ አልመጣችም። ትምህርቱን ትታ ፋብሪካ ገብታለች አሉ፣ ማሸጊያ ክፍል። ይሻላታል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሱሉልታ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ግን በር አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

አባዬ ጉድጓዱን በአፈር ደፍኖታል። ፈትል አምኖ የሚሰጠው ሰው ከጠፋ ለምን ይክፈተው? ቀኑን ሙሉ ደጅ ይቀመጣል። ልብሴን ስሰበስብ «መቼ ልጠይቅሽ ልምጣ?» አለኝ።

«አትምጣ። ሩቅ ነው፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ነው። ዓይንህም...»

«እሺ» አለ። የዚህ ሰውዬ እሺታ አንድ ቀን ያሳብደኛል።

አዲሱ ገበያ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ፌስታሉን አልጋው ሥር ረስቼዋለሁ። መመለስ ነበረብኝ? ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው አባዬ ብቻ ነው። ማን ያየዋል?

ዓርብ፣ የካቲት 27

አዲሷ ተማሪ ሐኒ ጨርቅ አታውቅም። ጭራሽ! ዛሬ በጥቁሩ ሻሽ ዓይኗን ጥፍር አድርጌ አሰርኳት። የያኔውን ሸማ ቁራጭ መዳፏ ላይ ዘረጋሁላት። እትዬ የሺ ስንዝር ተኩሉን ቆርጣ ለማስተማሪያ አስቀርታዋለች። የመጣ ተማሪ ሁሉ ክር እየመዘዘ ያቃጥለዋል፣ ዳር ዳሩ አልቋል። እትዬ የሺም ልትጎበኘኝ መጥታ ጥግ ላይ ሻይ ትጠጣለች።

«ተናገሪ» አልኳት ሐኒን።

በሩ ጨለም አለ። ቀና ስል አባዬ።

ያችኑ የቸርች ኮቱን ለብሷል። በአንድ እጁ የበሩን ጠርዝ፣ በአንድ እጁ ፌስታሉን ይዟል። የኔን ፌስታል። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ማን መንገድ አሳየው? ስንት ሰው ጠየቀ?

«እንደምን ዋላችሁ» አለ። «እዚህ ቤት...»

እትዬ የሺ ስኒዋን አስቀመጠች። ሊጨርሰው ነው። ልጄን ሊል ነው...

«አባት፣ ምን ፈልገው ነው?» አልኩ።

ድምፄን ያውቀዋል። በሺህ ሰው መሃል ያውቀዋል። ፊቱን ወደኔ አዞረና ቆመ። ከዚያ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ቀረበ። እጁ ቁራጩ ላይ አረፈ። ጠርዙን ነካ፣ ሦስቱን ድርብ ክሮች። ወደ መሃል ሄደ። ለስላሳው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት» አለኝ። እኔን። «ቤት ተሳስቼ ነው።»

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይሄ የሰው ዕቃ ነው። ለባለቤቷ ይድረስ።»

ወጣ። ደረጃውን በእግሩ ጫፍ ሲፈልግ ሰማሁት። አልተነሳሁም።

«እኔ ደግሞ ለማኝ መስሎኝ ሳንቲም ስፈልግ ነበር» አለችና እትዬ የሺ ሻይዋን አነሳች።

ሐኒ ዓይኗ እንደታሰረ ነው። «እትዬ ፀዲ... የሰውዬው አነጋገር ያንቺን አይመስልም?»

ማስመሪያውን አንስቼ እጇን መታኋት። ጮኸች። «በእጅሽ ነው የምትሰሚው እንጂ በጆሮሽ አይደለም!» አልኳት። እንደገና መታኋት። «ተናገሪ! ምንድነው የያዝሽው?»

«ጥ... ጥጥ።»

እትዬ የሺ ሳቀች። «ይሄን ነው የምወድልሽ» አለችኝ።

ሲሄዱ በሬን ቆለፍኩና ፌስታሉን ፈታሁት። ልቃቂቷን ነበር የጠበቅኩት። ልቃቂት የለም። ፈትሉን በሙሉ ቀሰም ላይ አጠንጥኖታል። ጥብቅ አድርጎ፣ እኩል አድርጎ፣ የተበጠሰውን ሁሉ ቀጥሎ፣ በዚያ ዓይኑ።

ቆጠርኳቸው። አራት ናቸው።

ስንት እንደነበሩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።